የሮይ ኪን ጉልበትና ዳሌ፦ የአንድ አማካይን የጨዋታ ዘመን እንዴት እናንብበው?

ስለ ሮይ ኪን ወሬ ሲነሳ ቀይ ካርዱና ቁጣው ይቀድማሉ። ውሸት አይደለም፤ ለማንችስተር ዩናይትድ ሲጫወት ብቻ 11 ጊዜ ከሜዳ ተባሯል። ይሁንና ለአንድ ክለብ 480 ጊዜ ተሰልፎ 7 የፕሪሚየር ሊግ እና 4 የኤፍ ኤ ካፕ ዋንጫ የወሰደን አማካይ በግልፍተኝነቱ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። እዚህ የምንከተለው መንገድ ሌላ ነው፤ ጎሎቹን በየዓመቱ ቆጥረን ከጎናቸው የጉዳቶቹን ጊዜ እንጽፋለን። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለዩናይትድ ያገባቸው ጎሎች 51 ናቸው። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን፣ በ1993/94፣ 8 አገባ። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት 3፣ 6 እና 3። የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ አብዛኛውን ዓመት ባጣበት 1997/98 ደግሞ 2። በተመለሰበት ዓመት 5 አገባ፤ በ1999/2000 ግን 12 ደረሰ፤ በዩናይትድ ቆይታው ከዚህ በላይ ያገባበት ዓመት የለም። ከዚያ 3 እና 4። በ2002/03፣ ዳሌውን በቀዶ ሕክምና በታከመበት ዓመት፣ ዜሮ። በቀሩት ሦስት ዓመታት 3፣ 2 እና ዜሮ።

ብዙ ሰው የሚያነሳው የጉልበቱን ጉዳት ነው። ቁጥሩ የሚጠቁመው ግን ዳሌውን ነው። ጉልበቱ አንድ ዓመት ወሰደበት፤ ዳሌው አጨዋወቱን ወሰደበት።

ከኮርክ እስከ 3.75 ሚሊዮን ፓውንድ

ኪን ኦገስት 10 ቀን 1971 በኮርክ ከተማ፣ ሜይፊልድ በሚባለው ሠፈር ተወለደ። በዚያ ዘመን ተስፋ የሚጣልበት የአየርላንድ ልጅ በ15 ወይም በ16 ዓመቱ ባሕር ተሻግሮ ወደ አንድ የእንግሊዝ ክለብ የወጣቶች ቡድን ይገባ ነበር። ያ በር ካመለጠው ሁለተኛ ዕድል ማግኘቱ እጅግ ይከብዳል። ኪን አመለጠው፤ ምክንያቱም ትንሽ ነበር። ክለቦቹ ለአካሉ ደካማ ነው ብለው አለፉት። በ1989 የፈረመው ለኮብ ራምብለርስ ነው፤ ተጫዋቾቹ ኳስን ከሌላ ሥራ ጋር ለሚያካሂዱበት አነስተኛ ክለብ።

ያዳነው አንድ የመንግሥት የሥልጠና መርሐ ግብር ነው። ፋስ የተባለው የአየርላንድ የሙያ ማሠልጠኛ ተቋም ደብሊን ውስጥ ለወጣት እግር ኳስ ተጫዋቾች የሙሉ ጊዜ ትምህርት ነበረው፤ ኮብም ኪንን ላከ። ከዚያ በፊት በሳምንት ጥቂት ጊዜ ብቻ ይለማመድ የነበረ ልጅ በየቀኑ መለማመድ፣ በጂም መሥራትና በሥርዓት መመገብ ጀመረ። ሰውነቱ ሞላ። የኖቲንግሃም ፎረስት መልማይ ያየው በዚያው ዘመን በወጣቶች ዋንጫ ውድድር ላይ ነው፤ ያውም ቡድኑ በተሸነፈበት ጨዋታ። በ1990 ፎረስት 47,000 ፓውንድ ከፍሎ ወሰደው።

ኦገስት 28 ቀን 1990 አሠልጣኙ ብሪያን ክላፍ የ19 ዓመቱን ልጅ ከሻምፒዮኑ ሊቨርፑል ጋር፣ ያውም አንፊልድ ላይ አሰለፉት። ከዚያ ወዲህ ከቋሚ ተሰላፊነት አልወረደም ማለት ይቻላል። በሦስት ዓመት 114 የሊግ ጨዋታ ተጫውቶ 22 ጎል አገባ፤ በየአምስት ጨዋታው አንድ ገደማ ማለት ነው። ኋላ በዩናይትድ በ326 የሊግ ጨዋታ 33 ነው ያገባው። ይህን ልዩነት ልብ በሉ፤ ኪን ሲጀምር ወደ ጎል የሚሮጥ አማካይ ነበር፣ ጠባቂ አልነበረም።

ፎረስት በ1993 ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ሲወርድ ኪን የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። ብላክበርን 4 ሚሊዮን ፓውንድ ሊከፍል ተስማማ፤ ተጫዋቹም ከአሠልጣኙ ኬኒ ዳልግሊሽ ጋር እጅ ለእጅ ተጨባብጦ ነበር። ወረቀቱ ግን በዚያ ዕለት አልተዘጋጀም፣ ቅዳሜና እሑድም ጣልቃ ገባ። በዚያ ክፍተት የዩናይትዱ አሠልጣኝ አሌክስ ፈርጉሰን ስልክ ደወሉ፤ ኪንም በ3.75 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በወቅቱ የብሪታንያ የዝውውር ክብረ ወሰን በሆነ ዋጋ፣ ኦልድ ትራፎርድ ገባ። በዝውውር ሕግ መጨባበጥ ውል አይደለም፤ ተጫዋቹን የሚያስረው ፊርማውና ምዝገባው ነው። ዳልግሊሽ ተናደዱ፣ ግን ሊከሱበት የሚችሉት ነገር አልነበራቸውም።

መሃል ሜዳ ላይ በትክክል የሚሠራው ምን ነበር?

የዚያ ዘመን ዩናይትድ የሚሰለፈው በ4-4-2 ነው። ሁለት አማካይ መሃል ላይ ይቆማሉ፤ ሁለቱ ክንፎች መስመር ላይ ናቸው። ችግሩ ግልጽ ነው፦ ተጋጣሚ መሃል ላይ ሦስት ሰው ካስገባ ሁለቱ ይበለጣሉ። ስለዚህ አንዱ ወደ ፊት ሲሄድ ሌላው መቅረት አለበት፤ ውሳኔውም በቅጽበት፣ ሳይነጋገሩ መሆን አለበት። ኪን ከፖል ኢንስ፣ ከኒኪ በትና ከፖል ስኮልስ ጋር ሲጣመር የመጀመሪያው ሥራው ይህን ሚዛን መጠበቅ ነበር። ስኮልስ ወደ ሳጥኑ ሲገባ ኪን ከተከላካዮቹ ፊት ይቀራል፤ በት ሲቀር ደግሞ ኪን ይሄዳል።

ሁለተኛው ሥራው ብዙ ተመልካች የማያየው ነው። ኪን ከተከላካይ ኳስ ሲቀበል ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ራሱ ግብ አያዞርም። ከትከሻው በላይ ቀድሞ ይመለከታል፣ ሰውነቱን በግማሽ ወደ ተጋጣሚ ግብ ከፍቶ ይቆማል፣ ኳሷ ስትደርስ በአንድ ወይም በሁለት ንክኪ ወደ ፊት ይልካታል። ቅብብሉ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ ከ10 እስከ 15 ሜትር። ለምን ይጠቅማል? ፈጥና የምትሄድ አጭር ኳስ ተጋጣሚ ቦታውን ሳያስተካክል ክንፎቹ ጋ ትደርሳለች። ቤካምና ጊግስ ኳስ የሚያገኙት ተከላካያቸው ገና እየተንሸራተተ ወደ እነርሱ ሲመጣ ነው። ኪን አንድ ሰከንድ ቢያዘገያት ያ ጥቅም ይጠፋል። ለዚህ ነው ጓደኞቹን ዘወትር የሚጮኽባቸው፤ ጩኸቱ ባብዛኛው ስለ ፍጥነትና ስለ አቋቋም ነበር።

ሦስተኛው ነጠቃው ነው። እዚህ ላይ ወጣት አማካዮች ተሳስተው ይቀዱታል፤ ሸርተቴውን ብቻ ያያሉ። ኪን ኳስ የሚነጥቀው አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነው፤ ኳሷ ከመምጣቷ በፊት ሁለት ሦስት እርምጃ ስለሚቀርብ። በረጅሙ የተለጋች ኳስ በግንባር ተገጭታ ስትመለስ የምትወድቅበትን ቦታ ቀድሞ ይገምታል። ሸርተቴ የሚመጣው ግምቱ ሲዛባ ወይም እግሩ ሲዘገይ ነው። ከካርዶቹም ብዙዎቹ የዘገየባቸው ቅጽበቶች ናቸው። ሁሉም አይደሉም፤ በ1995 ኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ድጋሚ ጨዋታ በጋሬዝ ሳውዝጌት ላይ የረገጠው ርግጫ ከመዘግየት ጋር ግንኙነት የለውም።

ሴፕቴምበር 27 ቀን 1997፣ ኤላንድ ሮድ

ኤሪክ ካንቶና ሲሰናበት ኪን አምበል ሆነ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሊድስ ላይ የኖርዌዩን አልፍ ኢንጌ ሃላንድን ሊጠልፍ ሲሞክር ራሱን ጎዳ፤ የፊተኛው መስቀለኛ የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ።

ይህ ጅማት የጭኑን አጥንት ከቅልጥሙ ጋር በጉልበቱ ውስጥ ያያይዛል። ሥራው ሁለት ነው፦ ቅልጥሙ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት መያዝና ጉልበቱ ሲጠማዘዝ መገደብ። በእግር ኳስ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ሰው ሳይነካው ነው፤ የጫማው ጥርስ ሣሩ ውስጥ ተተክሎ እግሩ ይቆማል፣ ሰውነቱ ግን ይዞራል። የተበጠሰው ጅማት ራሱን መልሶ አይገጥምም። ሐኪሙ ከጉልበት ፊት ወይም ከጭን ጀርባ ጅማት ቆርጦ በአጥንቱ ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ ይተክለዋል። አደገኛው ጊዜ መካከሉ ነው፤ ሕመሙ ጠፍቶ ተጫዋቹ መሮጥ ሲችል፣ የተተከለው ጅማት ግን ገና ደም እየዘለቀውና እየጠነከረ ሳለ። ያኔ የቸኮለ ሰው እንደገና ይበጥሰዋል። ዛሬ ሐኪሞች ከ9 ወር በፊት ወደ ውድድር መመለስን የማይመክሩት ለዚህ ነው።

ኪን ቀሪውን የውድድር ዘመን ሙሉ ተቀመጠ። ዩናይትድ ያለ እርሱ በሊጉ ሰፊ መሪነት አጣ፤ አርሰናል በ78 ነጥብ፣ በአንድ ነጥብ ብልጫ ዋንጫውን ወሰደ። ለጉልበቱ ግን ያ ረጅም ዕረፍት መልካም ሆነለት። በ1998 ክረምት ሲመለስ አመጋገቡንና ጂሙን አጥብቆ ይዞ ነበር፤ ከዚያ የመጡት ሁለት ዓመታት ምርጦቹ ናቸው።

ቱሪን፣ እና አንድ ቢጫ ካርድ

የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ የመጀመሪያው ጨዋታ ኦልድ ትራፎርድ ላይ 1 ለ 1 አልቋል። ኤፕሪል 21 ቀን 1999 በጁቬንቱስ ሜዳ ፊሊፖ ኢንዛጊ በ6ኛውና በ11ኛው ደቂቃ አገባ። ሂሳቡ እንዲህ ነበር፦ ድምሩ 3 ለ 1 ሆኗል፣ ግን ከሜዳ ውጪ የሚገባ ጎል በእኩል ድምር ጊዜ ይበልጣል፤ አውሮፓ ይህን ሕግ የሻረው በ2021 ነው። ስለዚህ ዩናይትድን ለማሳለፍ ማሸነፍ አላስፈለገም፤ 2 ለ 2 ይበቃል።

በ24ኛው ደቂቃ ቤካም ኮርነር መታ፤ ኪን ከፊት ደርሶ በግንባሩ ገጭቶ አገባ። ደስታውን ለማክበር አልቆመም፤ ወደ መሃል ሜዳ ሮጠ። በ33ኛው ደቂቃ የጄስፐር ብሎምክቪስት ኳስ አጠረችበት፤ ኪን ሊደርስባት ሲል ዚዳንን ጣለ፣ ቢጫ ካርድም ወጣበት። ከዚያ በፊት ባሉት ጨዋታዎች ያገኘው ካርድ ስለነበረ ይህኛው ከቀጣዩ ጨዋታ፣ ማለትም ቡድኑ ካለፈ ከፍጻሜው፣ አገደው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ድዋይት ዮርክ 2 ለ 2 አደረገ፤ በ84ኛው አንዲ ኮል ጨመረ። ኪን ፍጻሜውን እንደማይጫወት እያወቀ ከ55 ደቂቃ በላይ ቡድኑን ወደዚያው ፍጻሜ ሲጎትት ዋለ። በእኛ እምነት አንድ አማካይ ሊሠራ ከሚችለው ሥራ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

ዛሬ ቢሆን ኖሮ ሜይ 26 ባርሴሎና ላይ ይሰለፍ ነበር። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር አሁን የተከማቹ ቢጫ ካርዶችን ከሩብ ፍጻሜው በኋላ ይሰርዛል፤ በግማሽ ፍጻሜ አንድ ቢጫ ያየ ሰው ፍጻሜው አያመልጠውም። በታገዱት በኪንና በስኮልስ ምትክ ቤካምና በት መሃል ገቡ፣ ጊግስ ወደ ቀኝ ተዛወረ፣ ቡድኑም 90 ደቂቃ ሙሉ ቅርጹን ሲፈልግ አመሸ። በተጨማሪ ደቂቃ የገቡት የሼሪንግሃምና የሶልሻየር ጎሎች ያን ጉድለት ሸፈኑት።

በቀጣዩ ዓመት የመጡት 12 ጎሎች ከዚሁ ጉልበት የተገኙ ናቸው፤ ሃይበሪ ላይ በአርሰናል ሁለት፣ በቶኪዮ በፓልሜራስ ላይ የክለቦችን ዋንጫ ያስገኘችው አንዷ፣ በሻምፒዮንስ ሊግ ስድስት። በ2000 የተጫዋቾቹም የጋዜጠኞቹም የዓመቱ ኮከብ ተባለ።

በዚያው ወቅት ውሉ እያለቀ ነበር። ከ1995ቱ የቦስማን ፍርድ ወዲህ ውሉ ሊያልቅ 6 ወር የቀረው ተጫዋች ከውጭ አገር ክለብ ጋር በነጻ መፈራረም ይችላል። ለኪን ያ ቀን ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ነበር። ዩናይትድ ዲሴምበር 1999 ላይ፣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በሳምንት 52,000 ፓውንድ እንደሆነ በተነገረ ደመወዝ አስፈረመው። ክለቡ አጥብቆ ይዞት የነበረው የደመወዝ ጣሪያ በዚያ ፊርማ ተሰበረ።

የሃላንድ ጉዳይ

ኤፕሪል 2001 በማንችስተር ደርቢ ኪን የሃላንድን ጉልበት በጫማው መትቶ በቀይ ወጣ። በ1997 ተጎድቶ መሬት ላይ ሳለ ሃላንድ ከላዩ ቆሞ አስመስለሃል ብሎት ነበር። ለቀይ ካርዱ ሦስት ጨዋታ ታገደ። በ2002 የሕይወት ታሪኩ ሲታተም ግን ድርጊቱ ታስቦበት የተፈጸመ ስለመሰለ የእንግሊዝ ማኅበር ሌላ 5 ጨዋታና 150,000 ፓውንድ ጨመረበት። ነውር ነበር፤ ማስተባበያ የለውም። ብዙ ጊዜ የሚደገመው «የሃላንድን የጨዋታ ዘመን ጨረሰው» የሚለው አባባል ግን መስተካከል አለበት፦ የተመታው ቀኝ ጉልበቱ ነው፣ ጨዋታውን ጨርሷል፣ ለረጅም ጊዜ ያሠቃየው ግን ግራው ነበር። ይህ ሃላንድ የማንችስተር ሲቲው አጥቂ የኤርሊንግ አባት ነው።

ሳይፓን፦ 23 ሰው ወይስ 22?

ለአየርላንድ ሪፐብሊክ 67 ጊዜ ተሰልፎ 9 ጎል አግብቷል፤ የተጫወተበት የዓለም ዋንጫ ግን አንድ ብቻ ነው፣ የ1994ቱ። ሁለተኛው ከእጁ ያመለጠው ሳይፓን በምትባል የፓስፊክ ደሴት ላይ ነው።

አየርላንድ ሆላንድን ከውድድር አስቀርታ ነበር ለ2002 ያለፈችው፤ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2001 ደብሊን ላይ 1 ለ 0 ስታሸንፍ ኪን ሜዳውን ገዝቶት ዋለ። በሳይፓን የቅድመ ውድድር ካምፕ ግን የልምምድ ዕቃዎቹ ዘግይተው ደረሱ፣ ሜዳው ደረቅና እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነበር። ጠንካራ ሜዳ ለማንም ተጫዋች አደጋ ነው፤ ጉልበትና ዳሌው ለታመመ ሰው ደግሞ የባሰ። በአንድ ልምምድ መጨረሻ ለግጥሚያ ግብ ጠባቂዎች ሳይገኙ ሲቀሩ ኪን ተጋጨ፣ ወደ አገሬ እሄዳለሁ አለ፤ ቆየት ብሎ ሐሳቡን ቀየረ።

ይህ መለዋወጥ ዋጋ ያስከፈለው በፊፋ ደንብ ምክንያት ነው። የ23ቱ ተጫዋቾች ስም ዝርዝር ከገባ በኋላ ሰው መተካት የሚቻለው ከባድ ጉዳት ሲደርስ ብቻ ነው። ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ከዚያ ስለ ዝግጅቱ ጉድለት ለአንድ የአየርላንድ ጋዜጣ የሰጠው ቃል ታተመ፤ ሜይ 23 ምሽት አሠልጣኙ ሚክ ማካርቲ ጋዜጣውን ይዘው በቡድኑ ፊት ጠየቁት፣ እርሱም በስድብ መለሰ፣ ወደ አገሩም ተላከ። መጣላት ጉዳት ስላልሆነ ተተኪ አልተፈቀደም። አየርላንድ በ22 ተጫዋች ቀረበች። በቦታው የገባው ማት ሆላንድ በካሜሩን ላይ አገባ፣ ቡድኑም እስከ 16ቱ ደርሶ በስፔን በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ።

ከውድድሩ በኋላ ፌዴሬሽኑ ራሱ ያስጠናው ጥናት በዝግጅቱ ላይ ብዙ ጉድለት አገኘ። ኪን ስለ ዕቃውና ስለ ሜዳው ልክ ነበር፤ አምበል ሆኖ ሳለ ያን ቅሬታ ቡድኑ ውስጥ ሳይጨርስ ወደ ጋዜጣ መውሰዱ ግን ስሕተት ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይቻላል።

ዳሌው

በዚያው ዓመት ዳሌው በቀዶ ሕክምና ታከመ። የዳሌ መገጣጠሚያ በጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ የተቀመጠ ኳስ ይመስላል፤ ጠርዙን የሚያሽገው ለስላሳ አጥንት ከተቀደደ ወይም ካለቀ መገጣጠሚያው ይፋተጋል። ከጉልበት ጅማት የሚለየው በዚህ ነው፤ ጅማት በሌላ ጅማት ይተካል፣ ያለቀ ለስላሳ አጥንት ግን አይመለስም። ለአማካይ ደግሞ ዳሌ ሁሉ ነገር ነው። መዞር፣ ከቆሙበት መፈትለክ፣ በሩጫ ላይ እግርን ከፍቶ ኳስ መድረስ ሁሉም ከእርሱ ይነሣሉ።

በዲሴምበር 2002 ሲመለስ ሌላ ተጫዋች ሆኖ ነበር። ሳጥን ውስጥ ዘግይቶ መግባቱን አቆመ፤ ከ60 ሜትር ሩጫ በኋላ ተመልሶ የሚሮጥበት እግር አልነበረውም። ከተከላካዮቹ ፊት ተቀምጦ በአቋቋምና በቅብብል ሠራ። የዚያ ዓመት ዜሮ ጎል ትርጉሙ ይህ ነው፤ ዩናይትድም በዚያው ዓመት ሊጉን አሸነፈ።

መጨረሻው ፈጣን ነበር። በሴፕቴምበር 2005 ሊቨርፑል ላይ የእግሩ አጥንት ተሰበረ። እቤቱ ሳለ ቡድኑ በሚድልስብራ 4 ለ 1 ተሸነፈ፤ ኪን ለክለቡ ቴሌቪዥን ስለ ጓደኞቹ የሰጠው ትችት ሳይተላለፍ ታገደ፣ ኖቬምበር 18 በስምምነት ተለያዩ። ለሴልቲክ ፈረመ፣ የመዘዋወሪያው መስኮት እስኪከፈት ግን እስከ ጃንዋሪ ጠበቀ። የመጀመሪያ ጨዋታው በስኮትላንድ ዋንጫ በትንሹ ክላይድ 2 ለ 1 የተሸነፉበት ነው። ሊጉንና የሊግ ዋንጫውን አንሥቶ ጁን 2006 በሐኪም ምክር፣ በ34 ዓመቱ፣ ጫማውን ሰቀለ። ምክንያቱ ዳሌው ነው።

ልዩነቱን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ሁለት ሙሉ ጨዋታ ፈልጉ፤ የጎል ቅንጭብጭብ አይበቃም። አንዱ የቱሪኑ ነው። ሌላው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2005 ሃይበሪ ላይ ዩናይትድ አርሰናልን 4 ለ 2 ያሸነፈበት፣ ከጨዋታው በፊት ወደ ሜዳ በሚያስገባው መተላለፊያ ውስጥ ከአርሰናሉ ፓትሪክ ቪዬራ ጋር የተጋጩበት ነው። በሁለቱም ውስጥ ኳሷን ትታችሁ ኪንን ብቻ ተከተሉት። ዩናይትድ ሲያጠቃ የት እንደሚቆም፣ ስንት ጊዜ ሳጥኑን እንደሚረግጥ፣ ኳስ ከመቀበሉ በፊት ስንት ጊዜ ከትከሻው በላይ እንደሚያይ ቁጠሩ።